ሦስት ቀን በኪራይ ሳይክል፦ ወረታና ዘጌ ደርሰን መጣን

የቸኮለ ሰው አንብቦ እንዲሄድ ፍርዴን ከፊት አስቀምጣለሁ። ሳይክሉ ደህና ነው። አከራዩ ልጅም ጨዋ ነው። ዋጋውም አይጎዳም። ኪራዩ ግን የተዘጋጀው ባሕር ዳር ውስጥ ዘንባባ ሥር ለመንሸራሸር ነው። ይህን ሳያውቅ «ሁለት ሦስት ቀን ልንዳበት» ብሎ ከከተማ የወጣ ሰው፣ እንደ እኛ ፎገራ ሜዳ ላይ ከሩዝ ማሳ ዳር ቁጭ ብሎ ላም ይቆጥራል። ከአምስት ስንት ትሰጪዋለሽ ካላችሁኝ ለከተማ አራት፣ ለገጠር መንገድ ሁለት ተኩል።

የሱቁን ስም አልጽፍም። ልጁ ብቻውን የሚሠራ ነው። እኔ የማማርርበት ነገር ደግሞ የሱ ብቻ ጉድለት አይደለም፤ ከዚያ በፊት የጠየቅናቸው ሁለት ሌሎች አከራዮችም ያው ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በጓደኛዬ ነው። ሜልቦርን ነው የምትኖረው። ድሮ እዚሁ ባሕር ዳር ፔዳ ጊቢ አብረን ስንማር እኔ ሳይክል እየነዳሁ እሷ ከኋላ ተቀምጣ «ቀስ በይ! ኧረ ቀስ በይ!» እያለች ትጮህ ነበር። አሁን ነገሩ ተገልብጧል። ከሥራ ባልደረባዋ ጋር በየዓመቱ ጥቂት ቀን እረፍት እየወሰዱ፣ ገጠር ውስጥ አሮጌ የባቡር መስመር ላይ ሳይክል ይነዳሉ።

«ሐዲዱ ላይ?» አልኳት መጀመሪያ ስትነግረኝ። ሳቀችብኝ። ለካ ባቡሩ ከቆመ በኋላ ሐዲዱ ይነቀልና መደቡ ጠጠር ወይም አስፋልት ለብሶ ለሳይክልና ለእግረኛ ይተዋል። እሷ ባለችበት በቪክቶሪያ ግዛት ከዋንጋራታ እስከ ብራይት 100 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ መንገድ አለ። ብራይት ስትደርሱ የድሮው ባቡር ጣቢያ ሙዚየም ሆኖ ይቆያችኋል። ሌላው ከታላሩክ እስከ ማንስፊልድ ነው፣ 134 ኪሎ ሜትር። እሱ ላይ ደግሞ ባቡሩ ያልፍበት የነበረ ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ አለ፤ በሳይክል ሰንጥቃችሁት ትወጣላችሁ። ደስ የሚለው ነገር ግን ዋሻው አይደለም፣ የዳገት አለመኖር ነው። የድሮ ባቡር ዳገት ላይ ሰነፍ ነበር። ስለዚህ መስመሩን የቀየሱት ሰዎች ተራራውን እየዞሩ፣ ጉብታውን እየቆረጡ፣ ጎድጓዳውን እየሞሉ፣ መቶ ሜትር ሲኬድ ብዙ ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ሜትር በላይ ከፍ እንዳይል አድርገው ሠሩት። ለባቡር የተለፋው ልፋት ዛሬ ለጓደኛዬ ጉልበት ደረሰላት።

እኔ ይህን ስሰማ ለገሃር ትዝ አለኝ። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው፣ ሐዲዱም አንድ ሜትር ስፋት ብቻ ነበረው። የኤሌክትሪኩ ባቡር ከመጣ ወዲህ አሮጌው መስመር ብዙ ቦታ ላይ ዝም ብሎ ተኝቷል። ከሞጆ ወደ አዋሽ በዚያ መደብ ላይ በሳይክል ቁልቁል ስትወርዱ አስቡት! ለማንኛውም እሱ ሌላ ሕልም ነው። ባሕር ዳር የባቡር ጡሩምባ ሰምታ አታውቅም።

ጓደኛዬ ግን ለጥምቀት ስትመጣ ካርታ ይዛ ነው የመጣችው። «ጣና ዙሪያው ሜዳ ነው፣ ፎገራም ሜዳ ነው፤ ባቡር ባይኖርም ባቡር የሚወደው መሬት ነው» አለችኝ። ተስማማን። የመጀመሪያው ቀን ወረታ ገብተን እናድራለን፣ በማግስቱ እንመለሳለን፣ በሦስተኛው ቀን ዘጌ።

እንግዲህ ወደ ሱቁ።

ሱቅ ሲባል አንድ ቆርቆሮ በር ነው፤ ፊት ለፊቱ አሥራ ምናምን ሳይክል ተደርድሯል። ኪራዩ በቀን 400 ብር ነበር። ሦስት ቀን ስንለው ወደ 350 ወረደልን። መታወቂያ አስያዘን፣ ስልካችንን መዘገበ፣ አለቀ። ሳይክሎቹ «ማውንቴን» የሚባሉት ናቸው፤ 21 ማርሽ አለው የተባለለት ሲሆን እኔ ቆጥሬ ያገኘሁት የሚሠራ ማርሽ ስድስት ነው። ዝቅ ያለ፣ ለሴት የሚመች የነበረው አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ጓደኛዬ ወሰደች። ለእኔ የደረሰኝ ረጅም የወንድ ሳይክል ነው። መቀመጫውን ዝቅ አድርግልኝ ስለው ልጁ መፍቻ አምጥቶ ሳያጉረመርም አስተካከለልኝ። እዚህ ላይ ጥሩ ነጥብ አለው።

«የት ልትሄዱ ነው?» ብሎ ግን አልጠየቀንም። እኛው ነን የነገርነው።

«ወረታ? በሳይክል?» አለና ሳቀ። «እህቴ፣ ሚኒባስ እኮ አለ።»

ጓደኛዬ እሷ አገር የለመደችውን መጠየቅ ጀመረች። ጎማ መንፊያ አለህ? የለም። የጎማ መለጠፊያ? የለም። የኋላ እቃ መጫኛ? አንዱ ላይ አለ፣ ሌላኛው ላይ ተነቅሏል። የራስ ቁር? ከየት! እሷ የራሷን ይዛ መጥታለች፣ እኔ ባዶ ራሴን ሄድኩ። እንደኔ አትሁኑ። ልጁ በቅንነት ነው የመለሰልን፦ «ከተማ ውስጥ ጎማ ሲተነፍስባቸው ደንበኞች ይደውሉልኛል፣ ሮጬ እደርሳለሁ።» እውነቱን ነው፤ ከተማ ውስጥ ይህ አሠራር ይበቃል። ባሕር ዳር ጠፍጣፋ ናት፣ መንገዷ ሰፊ ነው። ተማሪውም፣ ሠራተኛውም፣ ነጠላ ያጣፋች እናትም ሳይክል የሚነዱባት ከተማ ናት። እርግጥ ባጃጅ እየበዛ መጥቶ የሳይክሉን ዳር ዳር እየበላው ነው፣ ግን አሁንም ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወጥታችሁ ብታዩ ከተማዋ የሳይክል ናት።

አንድ ጥፋት የእኔ ነው። ጓደኛዬ ከሜልቦርን ክንድ የማታክል ቢጫ ፓምፕ ይዛ መጥታ ነበር። «ተዪው፣ በየመንገዱ ጎሚስታ ሞልቷል» ብዬ ሻንጣ ውስጥ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ይህን ሦስት ቀን ሙሉ ስታስታውሰኝ ከረመች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወጣን። አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻገርን። በ2016 የተመረቀው ነው፣ 380 ሜትር ይረዝማል። ሳይክል ላይ ሆናችሁ ስታልፉት ስፋቱ ይገርማል፤ ወንዙ ከሐይቁ ወጥቶ ገና ጉዞውን ሲጀምር ከላይ ታዩታላችሁ። ጭጋጉ ውኃው ላይ ተኝቶ ነበር። ጓደኛዬ ቆማ ፎቶ አነሳች፣ እኔ ብርዱን ረገምኩ።

ከዚያ ዘንዘልማ። «ሜዳ ነው» ያለችው ካርታዋ እዚህ ላይ ዋሸች። ከባድ ዳገት አይደለም፣ ግን ከፍ ዝቅ ይላል፤ ስድስት ማርሽ ብቻ ያለው ሳይክል ላይ ደግሞ ትንሹም ከፍታ ይቆጠራል። ሌላም ነገር አለ። ጣና ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ሜልቦርን ባሕር ዳርቻ ላይ ያለች ከተማ ናት። ስለዚህ ያቺ በየዓመቱ 100 ኪሎ ሜትር የምትነዳ ጎበዝ ሁለተኛው ዳገት ላይ አፏን ከፍታ ቀረች፣ እኔ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ የምውለው ሴት አልፌያት ሄድኩ። ለአምስት ደቂቃ ያህል በጣም ኮራሁ። ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ይዛችሁ የምትነዱ ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን አየሩን እስኪለምድ ጠብቁት።

መንገዱ አስፋልት ነው፣ ጥሩም ነው። ችግሩ አብረዋችሁ የሚነዱት ናቸው። አባዱላው ጡሩምባውን ነፍቶ ጆሮ ግንዳችሁ ሥር ያልፋል፣ አይሱዙው ደግሞ ሳይነፋ ያልፋል። ከሁለቱ የቱ ይሻላል ብትሉኝ የሚነፋው። ጓደኛዬ የባቡር መንገዷን የናፈቀችው እዚህ ነው፤ እዚያ መኪና የሚገጥማት መስቀለኛ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ሌላው ደግሞ ልጆቹ ናቸው። የራስ ቁሯንና የተጣበቀ ሱሪዋን ሲያዩ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ይሮጣሉ። «ኧረ እኔ የአዴት ልጅ ነኝ!» ትላለች በጎጃም አማርኛ። አንዱ ልጅ ቆም ብሎ አያትና ለጓደኛው «ፈረንጇ አማርኛ ትችላለች» አለው።

ሐሙሲት ላይ ቁርስ በላን። ፍርፍርና ሻይ፣ ከዚያ ሌላ ሻይ። ስለ ቁርሱ ብዙ የምለው የለኝም፣ ትኩስ ነበር።

ከሐሙሲት በኋላ መሬቱ እየተዘረጋ ይሄዳል፣ የካርታዋ ቃልም እውነት ይሆናል። ፎገራ ሰፊ ነው። ጉማራና ርብ ከምሥራቅ ወርደው ወደ ጣና የሚገቡት በዚሁ ሜዳ ላይ ነው፤ ክረምት ሲሆን ውኃው ይተኛበታል። ለዚህ ነው ሩዝ የተስማማው። ሩዙ በደርግ ጊዜ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር እንደመጣ ይነገራል፤ ዛሬ ገበሬው በብዛት የሚዘራውን ዝርያ «ኤክስ ጅግና» ይለዋል። እኛ ስናልፍ ሩዙ ታጭዷል፣ የፎገራ ከብቶች ቃርሚያው ላይ ተሰማርተዋል። ስለ ሐይቁ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚህ መንገድ ጣናን እያየን እንነዳለን ብላችሁ እንዳትወጡ። መንገዱ ከሐይቁ ርቆ ነው የሚሄደው። ሐይቁን የምታውቁት በነፋሱ ነው።

ጉማራ ጋ ስንቃረብ የጓደኛዬ የኋላ ጎማ «ፍስስ» አለ።

ቆምን። ጎማ መንፊያ የለም፣ መለጠፊያ የለም፣ ቢጫዋ ፓምፕ ባሕር ዳር ሻንጣ ውስጥ ተኝታለች። ለልጁ ደወልን። ሮጦ ይደርሳል አይደል? «ጉማራ ናችሁ?» አለና ዝም አለ። ከዚያ «አይዞሽ እህቴ፣ ያወጣችሁትን ከኪራዩ እቀንስላችኋለሁ» አለኝ። ምን ያድርግ፣ ሳይክል ይዞ 40 ኪሎ ሜትር አይመጣ። ግን ይህ ስልክ ማንንም አላዳነም።

ሃያ ደቂቃ ያህል ገፋን። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ጋሪ እየነዱ መጡ። ጆንያ ጭነዋል። ምን ሆናችሁ ልጆቼ አሉን፣ ነገርናቸው። ሳይክሉን ጆንያው ላይ አጋደሙት፣ ጓደኛዬን ከጎናቸው አስቀመጧት፣ እኔን «አንቺ የምትሄድ አለችሽ፣ ተከተይን» አሉኝ። ፈረሱ ከእኔ ፈጠነ። ገንዘብ ስንሰጣቸው አልቀበልም አሉ፣ ግድ ብለን ለፈረሱ ነው አልናቸው፣ «ለፈረሱ ከሆነ እሺ» ብለው ሳቁ።

ያደረሱን ጎሚስታ ጋ ነው። የዚህ ጽሑፍ ምርጡ አገልግሎት ሰጪ እሱ ነው። ቤቱ ሁለት እንጨትና አንድ ሸራ ነው። ጎማውን በሁለት ማንኪያ እጀታ አወለቀ፣ የውስጡን ጎማ ነፍቶ ውኃ የሞላበት ሳህን ውስጥ እያዟዟረ ነከረው፣ አረፋ የወጣበትን ቦታ በጣቱ ያዘ። ከዚያ ቀና ብሎ አየን።

«ይኼን ማን ሰጣችሁ?»

ባሕር ዳር ተከራየነው አልነው።

«ይኼ ጎማ አይደለም፣ ድሪቶ ነው።»

ቆጠርነው። ከዚያ ቀን በፊት ስድስት ቦታ ተለጥፏል። የአሁኑ ቀዳዳ አዲስ አልነበረም፤ የአሮጌው ልጣፊ ጠርዝ ሙቀት ሲያገኘው ለቆ ነው። ፀሐይ፣ የጋለ አስፋልት፣ አሮጌ ማስቲሽ። ፈግፍጎ፣ ማስቲሽ ቀብቶ፣ እስኪደርቅ በአፉ እፍ እያለ ጠብቆ፣ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ልጣፊ ደፍኖ በመዶሻ ቀጠቀጠው። የሚገርመው የሱ ልጣፊ ሦስቱንም ቀን ቆየ። ሃምሳ ብር ነው ያስከፈለን። የእኔንም ጎማ ሳንጠይቀው ነፋልኝ፣ «ለስላሳ ነው፣ በዚህ ከሄድሽ ቸርኬው ይጎዳል» ብሎ። አከራያችን ይህን አንድ ነገር ጠዋት ቢያየው ኖሮ ግማሹ መከራ አይኖርም ነበር።

ወረታ ስንገባ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ከተማዋ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ ድምፅ ነው የሚቀበላችሁ፤ ገለባው ተከምሯል፣ አየሩም ገለባ ገለባ ይላል። አልጋ በ500 ብር ያዝን። አንሶላው ንጹሕ፣ ውኃው በባልዲ። ሳይክል ማስቀመጫ የለም፤ ዘበኛው «ግቢ ውስጥ አስቀምጡት፣ እኔ አለሁ» ቢለንም ጓደኛዬ እሺ አላለችም። ስለዚህ አራት ሆነን አደርን፣ እኔ፣ እሷና ሁለቱ ሳይክሎች። ሌሊት ወደ መጸዳጃ ስነሳ ፔዳሉ ቅልጥሜን አገኘው። ራት ላይ ሩዝ የተቀላቀለበት እንጀራ በላን። ነጭ ነው፣ ሲበሉት ይለሰልሳል፣ ቶሎ ግን ይደርቃል። እኔ ጤፉን እመርጣለሁ። ጓደኛዬ ሁለት ጊዜ አስጨምራ በላች፣ ምስክርነቷ ግን አይታመንም፤ እንጀራ የናፈቀው ሰው ምን ያማርጣል።

መልሱ ላይ ብዙ አልዘገይም። ጠዋቱ ጥሩ ነበር፣ ከሰዓት ነፋስ ፊት ለፊት ገጠመን። አንድ ነገር ግን መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ከጎማው የከፋ ነው። ከዘንዘልማ ወደ ከተማ ቁልቁል ስንወርድ የእኔ የፊት ፍሬን ያዝ ለቀቅ ሲያደርግ ቆይቶ ጭራሽ መያዝ ተወ። የኋላው ብቻ ቀረኝ፣ እሱም እየጮኸ። ጫማዬን አስፋልቱ ላይ እየጎተትኩ ነው የወረድኩት፤ የግራ ጫማዬ ከዚያ ወዲህ ጫማ አይደለም። የፍሬኑ ጎማ አልቆ ብረቱ ብቻ ነበር የቀረው። ከተማ ውስጥ በዝግታ ስትነዱ ይህ አይታወቅም። ቁልቁለት ላይ ግን ሞት ነው።

ማታ ሱቁ ደርሰን ስንነግረው ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። ክርክር የለም፣ ሰበብ የለም። እዚያው በስልክ መብራት የሁለቱንም ሳይክል የፍሬን ጎማ ቀየረ፣ የእኔን ሰንሰለት ዘይት ቀባ። ስለ ድሪቶው ስንነግረው አንገቱን አቀረቀረና «የውስጥ ጎማ ተወዷል» አለ። እውነት ነው ተወዷል። ግን እኮ ወንድሜ፣ የፍሬን ጎማ ይህን ያህል አይወደድም፣ ይህን ለራሱም ነግሬዋለሁ።

ሦስተኛው ቀን ዘጌ። ይህን ቀን በፓምፕ ነው የወጣነው።

በኤርፖርት በኩል ወጥታችሁ ከአስፋልቱ ስትለዩ መንገዱ ጠጠርና አቧራ ነው። ከወረታው በጣም ያጥራል፣ ግን ያነቃንቃል። የሚሠሩት ማርሾች ከስድስት ወደ አራት ወረዱ። መኪና ግን ጥቂት ነው። ጓደኛዬ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ «ይኼ የእኛን ይመስላል» ያለችው እዚህ ነው፤ ጎን ለጎን ሆነን፣ ወሬ እያወራን፣ ማንም ሳይጮህብን የነዳነው ይህ መንገድ ብቻ ነው። ስለ ፍቺዋ የነገረችኝም እዚሁ ነው። እሱን አልጽፈውም።

ዘጌ ስትገቡ ሙቀቱ በአንዴ ይቀንሳል። ደን ነው። ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ቡናው፣ ከቡናው መሀል ጌሾው። በሬ ጠምዶ ማረስ የለም፣ ከብትም አይረባም፤ ሕዝቡ ይህን ከአቡነ በትረ ማርያም ጊዜ ጀምሮ የተያዘ ቃል አድርጎ ይጠብቀዋል። ለዚህ ነው ሐይቁ ዙሪያ ብዙ ቦታ ተመንጥሮ እዚህ ደኑ የቀረው። ሳይክላችንን ቡና ከምታፈላ ልጅ ዘንድ አስቀምጠን ዑራ ኪዳነ ምሕረት በእግር ሄድን። የመቅደሱን ዙሪያ የሸፈነውን ሥዕል እኔ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ግን ከአቧራ ወጥቶ እዚያ ጥላ ውስጥ መቆም ሌላ ነው። ለሴቶች አንድ ምክር፦ ሰፊ ቀሚስና ነጠላ ቦርሳ ውስጥ ያዙ፣ ሱሪው ላይ ይደረባል። አጠገቡ ያለው ክብራን ገብርኤል ደሴት ሴት አይገባበትም፣ ዑራ ግን ችግር የለም።

ስንመለስ ቡናዋን ጠጣን። ሦስቱንም። ልጅቷ ቡናውን ያመጣችው ከጓሮዋ ነው፣ ሌላ ምን ልበል።

መልሱን በአቧራው ላለመድገም ሳይክሎቹን ጀልባ ላይ ጫንን። ይህን ለሁሉም ሰው እመክራለሁ። ጀልባው የሕዝብ ነው፤ ቡናና ጌሾ የጫኑ እናቶች አሉበት። ረዳቱ ለእያንዳንዱ ሳይክል እንደ አንድ ሰው ሊያስከፍለን ፈለገ። «እነሱ እኮ አይቀመጡም» አለችው ጓደኛዬ። አንዲት እናት «ልጄ፣ ዝም ብለህ ግማሽ ውሰድ» ብለው ፈረዱ፣ ግማሽ ከፈልን። አንድ ሰዓት ያህል ውኃ ላይ ነበርን። በደንገል ታንኳ መረብ የሚጥል ሰው በአጠገባችን አለፈ። ቶሎ ውጡ እንጂ፣ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ይቆጣል፤ እኛ መጨረሻ ላይ ትንሽ ተንገላተናል፣ ሳይክሎቹም ውኃ ጠጡ።

ባሕር ዳር ስንደርስ ሐይቅ ዳር ቆሮሶ ዓሣ ጥብስ አዘዝን። ሙሉውን፣ ጭንቅላቱ ጭምር፣ በዳጣ። ሦስት ቀን ስለ ጎማ ያሰበ ሰው አፉ ምንም ቢያገኝ ይጣፍጠዋል፣ ግን በእውነት ጥሩ ነበር።

ሂሳብ ስንዘጋ ልጁ እንዳለው ሃምሳዋን ብር ቀነሰ፤ እኛ የጋሪውንም ቆጥረን ነበር፣ እሷን እሱ «የፈረሱ ናት» ብሎ አልተቀበለም። ተሳሳቅን። መታወቂያችንን መለሰ። ተመልሼ እከራያለሁ? ለከተማ፣ ለቤዛዊት ኮረብታ፣ ለዘጌ፣ አዎ። ወረታ ድረስ ግን ቀድሜ ሁለቱንም ፍሬን በእጄ ጨብጬ፣ ጎማውን በአውራ ጣቴ ተጭኜ፣ የውስጡን አዲስ አድርግልኝ ብዬ ልዩነቱን ከፍዬ ነው የምወጣው። መንገዱ ሰላም መሆኑንም የሚኒባስ ሾፌሮችን ጠይቁ፣ እነሱ ያውቃሉ። ሲመሽ ደግሞ መንገድ ላይ አትገኙ፤ ሳይክሎቹ መብራት የላቸውም።

ጓደኛዬ በአርብ በረራ ተመለሰች። ከመሄዷ በፊት ሱቁ ጋ ቆም በይ አለችኝ። ቢጫዋን ፓምፕ ከቦርሳዋ አውጥታ ለልጁ ሰጠችው፣ የመለጠፊያ ፓኬትም ጨመረችለት። «ከከተማ ለሚወጣ ሰው ብቻ ነው የምትሰጠው፣ ሲመለስ ተቀበለው» አለችው። እዚያው ምስማር መትቶ ሰቀላት። ባለፈው ሳምንት ሳልፍ አየሁ፣ ምስማሩ ባዶ ነው። ልቤ ደነገጠ። «የታለች?» አልኩት።

«ዘጌ ሄዳለች» አለኝ፣ «ማታ ትመጣለች።»

ስለዚህ ሳይክል ልትከራዩ ሄዳችሁ ግድግዳው ላይ ቢጫ ፓምፕ ተሰቅላ ካያችሁ፣ ያልጻፍኩላችሁ ቤት እሱ ነው።